ከጎርፍና ከርዕደ መሬት በኋላ የትኛውን የመንግሥት ድጋፍ ላስቀድም? ለአዳማ ሠራተኞች የንጽጽር መመሪያ

ጎርፉ የብየዳ ቤቴ የገባው በነሐሴ ሌሊት ነው። ጠዋት ስደርስ ማሽኑ፣ ግራይንደሩና ለደንበኛ በር የገዛሁት ቱቦላሬ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። አዳማን ለሚያውቅ ምክንያቱን ማስረዳት አያሻም። ከተማችን በሸንተረር በተከበበ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ናት፤ ዳገቱ ላይ የዘነበው ሁሉ ማረፊያው ታች ያለው ሰፈር ነው። ሁለት ቀን ጭቃ ስዝቅ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ከቀበሌ መጥተው የተጎዳውን ሲመዘግቡ እኔ ሞተር የሚጠግን ሰው ፍለጋ ወጥቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ብድር ፈረምኩ።

ከጎኔ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ጎረቤት አሉ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ስምህን አስጽፍ፤ ጭቃው ጥሎህ አይሄድም» ብለውኝ ነበር። «እሺ እትዬ፣ ነገ» እያልኩ ቀረሁ። ከዓመት በኋላ እሳቸው ያለ ምንም ዕዳ ጉሊታቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እኔ የራሴን አልበቃ ብሎ የሌላ ሰው ብድር ጭምር እከፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሬን ሰዎች ማመልከቻ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ብዙ ተመላልሻለሁ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች በኩል ምድር መንቀጥቀጥ ስትጀምር እዚህ አዳማም ግድግዳው ሲወዛወዝ ከረመ። የካቲት 7 ምሽት የተሰማው በመጠን 6 ገደማ ነበር። ከአዋሽ ፈንታሌና ከአካባቢው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ቤታቸውን ብቻም አይደለም፤ እርሻውን፣ ሱቁን፣ የቀን ሥራውን ጥለው ነው። ያኔም የሰማሁት ጥያቄ እኔ ጎርፉ ጊዜ ከጠየቅኩት አይለይም፤ «ከየትኛው ቢሮ ልጀምር?»

መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ይህን የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

## አስቀድሞ ማወቅ ያለብን

አገራችን ውስጥ ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ የሚከፍል የሥራ አጥነት ዋስትና የለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ቱፓድ በሚባለው ፕሮግራም አውሎ ነፋስ ሥራውን ያሳጣውን ሰው መንግሥት ለአጭር ጊዜ በቀን ሥራ ቀጥሮ ይከፍለዋል። አሜሪካ ደግሞ አደጋ በታወጀበት አካባቢ ሥራ ላጣ ሰው በየሳምንቱ የሚከፈል ገንዘብ አለ። እኛ ጋ ያለው በአምስት የተለያዩ በሮች የተቀመጠ ነው፤ አንዱ በር ስለሌላው አይነግራችሁም። የቀበሌው ሰው ስለ ስንብት ክፍያ አያነሳም፤ የብድር መኮንኑ ለድሃ ቤተሰብ ስላለው የሴፍቲኔት ድጋፍ አያነሳም። አገናኝቶ ማየት የራሳችን ድርሻ ነው።

## በምን እንለካቸው?

ከሁሉ በፊት ያጣችሁትን ለዩ። ደመወዝ ያጣ፣ የሥራ ዕቃ ያጣ፣ የሥራ ቦታ ያጣና አካሉ የተጎዳ ሰው መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። እኔ ያጣሁት ዕቃ ነበር፤ የምሮጠው ግን ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ነበር።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ይታያል። እህሉ ወይም ብሩ እጅ የሚገባው በሳምንት ነው፣ በወር ነው ወይስ በዓመት? ልጅ ያለው ሰው ስድስት ወር መጠበቅ አይችልም።

ሦስተኛው መግቢያው ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል? ፋይዳ? የሥራ ውል? ቤታችሁ ከፈረሰ ወረቀቱ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

አራተኛው ዕዳ ነው። ድጋፍ ተብሎ የሚሰጠው ሁሉ ስጦታ አይደለም። አምስተኛውና ሰው የሚዘነጋው ደግሞ፣ ድጋፉ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ሙያ፣ ቁጠባ፣ ማሽን ወይስ ባዶ ጆንያ?

## የመጀመሪያው በር፦ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ

ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ጋራዥ፣ መጋዘን ወይም ሱቅ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ቁሙ። ይህ በር ዕርዳታ አይደለም፣ መብት ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈውም ስለማያውቀው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የድርጅቱ ሥራ በሙሉም ሆነ በከፊል ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ የሥራ ውል ሊታገድ ይችላል። ጎርፍና ርዕደ መሬት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አሠሪው ግን «ሂዱ፣ እንጠራችኋለን» ብሎ በሩን መዝጋት አይበቃውም። በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በተለምዶ «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ለምንለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። በእገዳው ጊዜ የጋራ ስምምነታችሁ ወይም ውላችሁ ሌላ ካላለ በቀር ደመወዝ አይከፈልም። ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ውላችሁ አልተቋረጠም፣ ሥራችሁ የእናንተ ነው።

እገዳው ባለቀ ማግስት ሥራ ቦታ መገኘት አለባችሁ። ይህቺን ቀን የቀን መቁጠሪያ ላይ ክበቡባት። ዘመድ ጋ ገጠር ሄደው ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ «ራሱ ነው የቀረው» ወደሚል ይዞራል።

ድርጅቱ ጨርሶ ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከቀነሰ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት በመጨረሻው ሳምንት የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። መዘጋት ወይም ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ በላዩ ይታከላል።

በቁጥር እንየው። የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነና 5 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሩት 4 ዓመታት 8,000 ብር አለው። ድርጅቱ ከተዘጋበት 12,000 ብር ይጨመርና 26,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ያለ ብድር ጥቂት ወራት ያቆማል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ከዚህ ሁሉ የምትይዙት አንድ ነገር ቢሆን ይህ ይሁን፦ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። ከአደጋ በኋላ ግርግር ውስጥ ትንሽ ብር ከፊት ተቀምጦ ወረቀቱ ሲቀርብ አይቻለሁ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው 5 ዓመት ካላገለገለ ስንብቱን ያጣል። ያልገባችሁን ወረቀት «አስነብቤ ልምጣ» ማለት ይቻላል።

«እኔ ውል የለኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል፤ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ በሕጉ የተሰጣችሁን መብት አያሳጣችሁም። ማስረጃው ግን የእናንተ ሥራ ነው። የድርጅት መታወቂያ፣ ባንክ የገባ ደመወዝ፣ በቴሌብር የተላከ ብር፣ አብሯችሁ የሠራ ምስክር፣ ሁሉም ይጠቅማል።

የጊዜ ገደቡ ግን አይምርም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ «ጠበቃ መያዣ የለኝም» ብሎ መቅረት አያዋጣም። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

በሥራ ላይ እያላችሁ ግድግዳ ወድቆባችሁ ወይም ጎርፍ ወስዷችሁ ተጎድታችሁ እንደሆነ ነገሩ ይለያል። ያ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ሕክምናው በአሠሪው ነው፤ መሥራት እስክትችሉ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላችኋል። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የጡረታው አዋጅ፣ ቁጥር 1268/2014፣ ይመጣል። በዚያ አዋጅ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ገቢ መሆኑን በደህናው ጊዜ ጠይቃችሁ ብታረጋግጡ መልካም ነው። ከአደጋ በኋላ «ገቢ አልተደረገም» መባልን የመሰለ ራስ ምታት የለም።

## ሁለተኛው በር፦ የአስቸኳይ ዕርዳታ መዝገብ

በፌዴራል ደረጃ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለ። በኦሮሚያ ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከገዳ ሥርዓት የመጣ የመረዳጃ ባህል ነው፣ አሁን በክልሉ መንግሥት ሥር ጽሕፈት ቤት ሆኖ ተደራጅቷል። የሚሰጠው በአብዛኛው እህል ነው። የተለመደው የአንድ ሰው የወር ልክ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ብርድ ልብስ፣ ድንኳንና የቤት ዕቃ የሚጨመርበት ጊዜ አለ።

ሥራ አይሰጥም፣ ዕቃችሁን አይተካም። ግን ዕዳ የለውም፣ ከሌሎቹም አያግዳችሁም። ደግሞም የሌሎቹ በሮች ቁልፍ ያለው እዚህ መዝገብ ላይ ነው። ስማችሁ ካለ ከቀበሌው የጉዳት ማረጋገጫ ደብዳቤ ማጻፍ ትችላላችሁ። ያ ደብዳቤ ለብድር ማሸጋሸጊያም፣ ለሼድ (መንግሥት ለሚያዘጋጀው የሥራ ቦታ) ጥያቄም፣ ለሴፍቲኔት ምልመላም ይቀርባል። የኔ ስም ስላልነበረ ለየቢሮው ምስክር ይዤ ስመላለስ ሰነበትኩ። ጎረቤቴ ያን ያህል የወተወቱኝ ለዚህ ነበር።

## ሦስተኛው በር፦ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት

ይህን በር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ብዙው ግን በተሳሳተ መንገድ ያውቀዋል። በ2009 ዓ.ም. በመንግሥትና በዓለም ባንክ ገንዘብ በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማና ሐዋሳ ሁለቱም ነበሩበት። በኋላ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት ተብሎ ወደ 83 ከተሞች ሰፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሥራት የሚችል የቤተሰብ አባል በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት፣ በተፋሰስ ሥራ፣ በከተማ ግብርና ይሰማራል፤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ይሠራል፤ ክፍያው በባንክ ሒሳቡ ይገባል። ከክፍያው 20 በመቶው ይቆጠባል። መሥራት ለማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ቀጥታ ድጋፍ አለ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። ይህን ሰምቶ የሚንቅ ሰው አለ። እኔ ግን የዚህ በር ጥቅም በቀን ክፍያው ብቻ አይለካም እላለሁ። ጥቅሙ መጨረሻው ላይ ነው። ቤተሰቡ በዓመታት ውስጥ ተቆጥቦለት፣ ሥልጠና ወስዶ፣ ወደ ራሱ ሥራ ሲሸጋገር የማይመለስ የመነሻ ገንዘብ ያገኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ገንዘብ ከ500 ዶላር ጋር የሚመጣጠን ብር ነበር። እትዬ ጉሊታቸውን የመለሱት በዚህ ነው፤ ባንክ ደጅ ሳይረግጡ፣ ዋስ ሳይጠሩ።

አሁን ችግሩን እንናገር። ሴፍቲኔት የተሠራው ለድህነት ነው፣ ለድንገተኛ አደጋ አይደለም። ጎርፍ ስለመታችሁ ብቻ አትገቡም። ምልመላው በየቀበሌው ነዋሪ በመረጠው ኮሚቴና በኑሮ ደረጃ መመዘኛ ነው የሚካሄደው፤ ደግሞም በዙር ነው። ዙሩ ከተዘጋ አቤቱታችሁ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን የሚጠብቀው ቀጣዩን ነው። እትዬ ከጎርፉ በፊት ዝርዝሩ ላይ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣም በመዝገቡ ላይ የነበሩት ሥራው ቆሞ ሳለ የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል፤ በዚያው ሳምንት ሥራ ያጣው ከመዝገቡ ውጭ የነበረ አስተናጋጅ ወይም የቀን ሠራተኛ ግን አልደረሰውም። አደጋ ሲመጣ የሚያድነው ቀድሞ የተጻፈ ስም ነው። ስለዚህ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ አደጋ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ቀበሌ ሄዳችሁ የሚቀጥለው ምልመላ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው እንቅፋት ነዋሪነት ነው። ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ ዘመድ ጋ የተጠጋ ሰው በአዳማ ቀበሌ ነዋሪነት ካልተመዘገበ አይታይም። በገጠር ወረዳ የነበረ ሰው ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የገጠሩ ሴፍቲኔት ታቅፎ ከነበረ መዝገቡ ያለው መነሻው ቀበሌ ነው፤ አዳማ ስለመጣ ያንን መተው የለበትም። አንድ የቤተሰብ አባል ተመልሶ ስሙ እንዳይሰረዝ ቢያሳውቅ ይበጃል።

## አራተኛው በር፦ ተደራጅቶ ብድር

በማኅበር መደራጀት፣ ሼድ፣ ተዘዋዋሪ ፈንድ፣ የማይክሮ ፋይናንስ ብድር፤ እነዚህን የሚያገናኘው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ብዙዎቹ ማይክሮ ፋይናንሶች ባንክ ሆነዋል፤ በኦሮሚያ ስንቄ ባንክ፣ በሲዳማ ሲዳማ ባንክ። ፍጥነቱ ከሴፍቲኔት ይሻላል፣ መጠኑም ከፍ ይላል፣ ሼድ ካገኛችሁ ደግሞ የሥራ ቦታ ጥያቄ ይመለሳል።

እኔ የተበደርኩበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። አምስት ሆነን በቡድን ዋስትና ፈረምን። ከእኛ ሁለቱ ጎርፉ ቤታቸውን ጭምር የወሰደባቸው ነበሩ። ብሩን ሲያገኙ አንዱ የቤት ኪራይ ከፈለበት፣ አንዱ የልጁን ሕክምና። ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱም ሥራ ፍለጋ ከተማውን ለቀቁ፣ ዕዳቸው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ያኔ የገባኝ፦ ቤተሰቡ ገና እህል በሚፈልግበት ሰዓት የሚወሰድ ብድር ወደ ሥራ አይሄድም፣ ወደ ማጀት ይሄዳል። ማጀት የገባ ብድር ደግሞ ወለድ ይዞ ይመለሳል እንጂ ትርፍ ይዞ አይመለስም።

ስለዚህ ብድር የሚጠቅመው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። የቤታችሁ ቀለብ ከሌላ ቦታ ተሸፍኗል። ደንበኛችሁ ወደ ገበያ ተመልሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ እየዛቀ ሳለ በር የሚያሠራ የለም። አብሯችሁ የሚፈርመው ሰው ደግሞ ነገ ከተማውን የማይለቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቆዩ።

ያጣችሁት ማሽን ከሆነ ጥሬ ብር ከመበደር በፊት ስለ ካፒታል ዕቃ ሊዝ ጠይቁ። ማሽኑን አከራዩ ይገዛል፣ እናንተ እየሠራችሁበት በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ሲያልቅ የእናንተ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ የሰው ዋስ ጭንቀቱ ይቀላል፣ ብሩም ማጀት አይገባም። ዛሬ ብጀምር በዚህ ነበር የምጀምረው።

ከአደጋው በፊት ብድር የነበራችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍያ ሳታስተጓጉሉ የጉዳት ማረጋገጫውን ይዛችሁ ሂዱና የመክፈያ ጊዜው እንዲሸጋሸግላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሳይከፍሉ ቀርቶ ከመለመን ቀድሞ መጠየቅ ይሰማል።

## አምስተኛው በር፦ ሥልጠናና ቅጥር

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የሥራና ክህሎት መዋቅር ሥራ ፈላጊ ይመዘግባል፣ አጫጭር ሥልጠና ይሰጣል፣ ከኢንዱስትሪ ፓርክና ከሌሎች ቀጣሪዎች ጋር ያገናኛል። በከተማው ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት ውስጥ ደግሞ የሥራ ልምድ ለሌላቸው ወጣቶች ድርጅት ውስጥ ገብተው ለ6 ወር እየተከፈላቸው የሚለማመዱበት ክፍል አለ። ለወጣት ጥሩ ነው። አርባ ዓመት አልፎት ሙያ ላለው ሰው፣ ልጆቹ ምሳ ለሚጠብቁት ሰው፣ የመጀመሪያ በር ሊሆን አይችልም።

## በአንድ እይታ

| በሩ | ለማን ይሻላል | እጅ የሚገባው | ዋናው መግቢያ | ዕዳ | ሲያልቅ የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|---|
| የሠራተኛ ሕግ (እገዳ፣ ስንብት፣ የሥራ ላይ ጉዳት) | ተቀጥሮ ለሚሠራ | ውል በተቋረጠ 7 የሥራ ቀናት፤ ክርክር ካለ ወራት | የመቀጠር ማስረጃ | የለም | ሥራው ራሱ ወይም የስንብት ብር |
| አስቸኳይ ዕርዳታ | ለሁሉም ተጎጂ | ከሁሉም ቀድሞ | የቀበሌ ምዝገባ | የለም | የጉዳት ማረጋገጫ ደብዳቤ |
| የከተማ ሴፍቲኔት | ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ | ቀድሞ ለተመዘገበ በየወሩ፤ ለአዲስ በቀጣዩ ዙር | ነዋሪነትና ምልመላ | የለም | ቁጠባ፣ ሥልጠና፣ የመነሻ ገንዘብ |
| ብድር፣ ሼድ፣ ሊዝ | ሙያና ደንበኛ ላለው | ሳምንታት እስከ ወራት | መደራጀት፣ ዋስትና፣ ቅድመ ቁጠባ | አለ | ማሽን ወይም ዕዳ |
| ሥልጠናና ቅጥር | ለወጣት፣ ሙያ ለሚቀይር | ወራት | የሥራ ፈላጊ ምዝገባ | የለም | ሙያና የሥራ ልምድ |

## እናንተ የትኛው ናችሁ?

ፋብሪካ ወይም ሆቴል ተቀጥራችሁ ከሆነ። መጀመሪያ እገዳ ነው ወይስ መቋረጥ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እገዳ ከሆነ የተጀመረበትን ቀን ያዙ፣ 90ውን ቀን ቁጠሩ፣ እስከዚያ የቀን ሥራ ፈልጉ። በጎን ቀበሌ ተመዝገቡ። ብድር ውስጥ አትግቡ፤ ሥራችሁ ሊመለስ ይችላልና።

ጉሊት፣ ሻይ፣ ቆሎ፣ ልብስ እየሸጣችሁ የምትኖሩ ከሆነ። የሕጉ በር ለእናንተ ዝግ ነው። የዕርዳታ መዝገቡና ሴፍቲኔቱ ናቸው የእናንተ። የጠፋባችሁ ካፒታል ትንሽ ከሆነ ዕቁባችሁ ውስጥ ዕጣ መቀያየር ከማንኛውም ብድር ይረክሳል። የመንግሥት ድጋፍ አይደለም፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም። እድራችሁንም አትርሱ፤ ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለአደጋ የሚደርስ እድር አዳማ ውስጥ አይቻለሁ።

ባጃጅ ወይም ጋሪ የምትነዱ ከሆነ። ተከራይታችሁ ነው የምትነዱት ወይስ የራሳችሁ ነው? የተከራያችሁ ከሆነ ያጣችሁት የቀን ገቢ ነው፤ እንደ ጉሊት ነጋዴው አስቡ። የራሳችሁ ሆኖ ከተጎዳ ኢንሹራንሱን አስቀድሙ። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ከሆነ ለራሳችሁ ንብረት አይከፍልም፤ ሙሉ ሽፋን ካላችሁ ግን ውሉ ጎርፍንና ርዕደ መሬትን ይይዝ እንደሆነ ሰነዱን አስነብቡ።

እንደ እኔ ትንሽ ወርክሾፕ ካላችሁ። ቀበሌ፣ ደብዳቤ፣ ከዚያ ሊዝ። ብድር ከፈለጋችሁ ከሦስተኛው ወር በኋላ። የምትሠሩበት ቦታ በየክረምቱ ውሃ የሚገባው ከሆነ ደብዳቤውን ይዛችሁ የሼድ ጥያቄ አቅርቡ፤ እዚያው ጭቃ ላይ አዲስ ማሽን መትከል ያንኑ ኪሣራ ዳግም መግዛት ነው።

ከመተሐራ፣ ከአዋሽ ወይም ከሌላ አካባቢ ተፈናቅላችሁ አዳማ ከዘመድ ጋ ያላችሁ ከሆነ። ከሁሉም የከበደው የእናንተ ነው። ከመነሻው ቀበሌ መፈናቀላችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ፣ አዳማ ባረፋችሁበት ቀበሌ በተፈናቃይነት ተመዝገቡ። ፋይዳ ካላችሁ የቀበሌ መታወቂያ ቢጠፋም ማንነታችሁን ያሳያል፤ ከሌላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አውጡ። እዚያ ተቀጥራችሁ ትሠሩ የነበረ ከሆነ የስንብትና የደመወዝ ጥያቄያችሁ ከእናንተ ጋር ነው፤ ቦታ ስለቀየራችሁ አይጠፋም፣ 6 ወሩ ግን እየቆጠረ ነው።

## በመጀመሪያው ሳምንት

ጭቃውን ከመዛቃችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር ጭምር። ፎቶውን ለዘመድ ላኩ፣ ስልኩ ቢጠፋ እንዲኖር። የንግድ ፈቃዱንና የግዢ ደረሰኙን ያልረጠበ ቦታ አስቀምጡ። የጠፋውን ዕቃ ከነግምቱ በአንድ ወረቀት ጻፉና ሁለት ጎረቤት አስፈርሙበት።

ማመልከቻ ስታጽፉ የአዳማ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን አትርሱ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማመልከቻ «አስተርጉመህ ና» ተብሎ አንድ ቀን ሊበላባችሁ ይችላል። ቢሮዎቹ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚጽፉት ሰዎች በሁለቱም ቋንቋ ይጽፉላችኋል። ሁለት ቅጂ አሠሩ፤ አንዱን ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ በሚቀጥለው ቀጠሮ «አልደረሰንም» ሲባል መልስ የለውም።